ሁለት ጊዜ ክላክስ

ሞገስ ዶቅዶቄዋን የገዛት በ1969 ዓ.ም. ነው። ሚሲዮን ክሊኒክ ትሠራ የነበረች አንዲት ኖርዌያዊት ነርስ አገሯ ልትገባ ስትል አልጋዋን፣ የልብስ ስፌት መኪናዋንና አንዲት ትንሽ ቀይ ዶቅዶቄ ለሽያጭ አወጣች። የስፌት መኪናዋን የሞገስ ሚስት ታቢታ አጥብቃ ፈልጋት ነበር። ሞገስ ጠዋት «እሺ፣ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ፤ ማታ ዶቅዶቄዋን እየገፋ መጣ።

ታቢታ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ይህች ትሰፋለች?»

«አትሰፋም፤ ግን አንቺን ጸሎት ቤት ታደርስሻለች።»

«እግር አለኝ» አለችና ገባች።

ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችውም። ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ብብቷ ውስጥ ይዛ፣ ከኋላው በጎን ተቀመጠች። አሥር ዓመት የሆነው ልጃቸው ፍቅሬ ከፊት፣ በአባቱ ሁለት ክንዶች መካከል ገባ። ሦስቱም በአንዲት ትንሽ ዶቅዶቄ ላይ ሆነው በሐይቁ መንገድ ሲሄዱ ያያቸው ሁሉ ይስቅ ነበር። ታቢታም ሳቀች።

ሞገስ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። የተወለደው ሶዶ አካባቢ ነው፤ እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ አስካለ ነበረች። አስካለ ይርጋለም ስታገባ እሱም ተከትሏት መጣ፤ ከዚያ አዋሳ ሥራ አግኝቶ ቀረ። ዶቅዶቄዋን ከመግዛቱ በፊት ከመሃል ከተማ እስከ ምሥራቅ ሰፈር ዳርቻ ድረስ በእግሩ ነበር የሚዞረው። ከገዛ በኋላ ግን መሥሪያ ቤቱ የከተማውን ሌላ ግማሽ ስለጨመረለት ድካሙ ያው ሆነ። ሰውም «ሞገስ ቆጣሪ» ይለው ነበር። የማያውቀው ግቢ፣ ስሙን የማያውቀው ውሻ አልነበረም።

ዶቅዶቄዋ የራሷ አመል ነበራት። ሐይቁ እርጥበት በሚያመጣበት ማለዳ አትነሳም። ሞገስ አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ይረግጣታል፤ ትስልና ዝም ትላለች። ያን ጊዜ «ፍቅሬ!» ብሎ ይጣራል። ፍቅሬ በአንድ እጁ ጫማውን፣ በሌላው ዳቦውን ይዞ ይወጣል፤ ሁለቱንም አስቀምጦ ከኋላ ወንበሯን ይዞ ይገፋል። «ግፋ! ግፋ! ግፋ!» እያለ ሞገስ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ ዶቅዶቄዋ አንድ ጊዜ ተንጣ ትነሳለች። ፍቅሬ ጭሱን በአፍንጫው ስቦ እየሳለ ወደ ዳቦው ይመለሳል። እንዲህ እየገፋት አደገ። መጀመሪያ ቁመቱ እስከ ወንበሯ ነበር፤ በኋላ ጎንበስ ብሎ ይገፋት ጀመር። ትምህርት ቤት ጓደኞቹ «ያንተን ሞተር ቤንዚን ሳይሆን ገንፎ ነው የሚያስነሳት» ይሉት ነበር፤ የሚገፋው እሱ መሆኑን ስላዩ።

ካንዴላዋን ማጽዳት፣ ሰንሰለቷን ማጥበቅና በተቃጠለ ዘይት ማራስ የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነበር። ፍቅሬ ይህንንም ተማረ። ጎረቤታቸው ባለሱቁ ጠሀ መንዳት የተማረው በእሷ ነው። ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ወስዶ ያስተማረው ሞገስ ነበር፤ ጠሀ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሦስተኛው ላይ ያለማቋረጥ ሜዳውን አራት ጊዜ ዞረ፤ ማቆሚያውን ስላላወቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ባያት ቁጥር «ይህች የኖርዌይ በቅሎ ዛሬም አልሞተችም?» ሳይል አያልፍም። ሞገስና ጠሀ ግን ከቀልድም ያለፈ ነገር ነበራቸው። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ትእዛዝ በታሸገች ጊዜ ምእመናኑ በየሰው ቤት ተራ እየገቡ በዝግታ መጸለይ ጀምረው ነበር። ዶቅዶቄዋ አንድ ቤት ደጅ ቆማ እንዳታሳብቅባቸው ጠሀ በሱቁ ጓሮ ያስቀምጥላቸው ነበር። ጠያቂ ሲመጣ «ሞገስ ገበያ ወጥቶ ነው» ይላል። ይህንን ስድስት ዓመት ሙሉ አደረገ፤ አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ነገር አላወራም።

ቤንዚን በኩፖን ነበር። ለዶቅዶቄ የሚሰጠው ትንሽ ስለሆነ ሞገስ ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር ሞተሯን አጥፍቶ ይንሸራተታል። አዋሳ ግን ሜዳ ናት፤ ቁልቁለቱ ከየት ይመጣል? «ታቦር ተራራ ላይ ነበር ቤት መሥራት» ይል ነበር።

የሰፈራቸው እድር ዳኛ አቶ ሽበሺ ነበሩ። ሽማግሌ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ፣ ከባርኔጣቸው ከማይለዩ ሰዎች አንዱ። ዶቅዶቄዋ ለእድሩ የምትጠቅም መሆኗን መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው። ሰው ሲሞት ዘመድ ከሻሸመኔ፣ ከወንዶ፣ ከይርጋለም መጠራት አለበት። አውቶቡስ ቀኑን ይፈጃል፤ ስልክ ያለው ሰው ደግሞ ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ ሞገስ ይላካል። ደርሶ የሚለው ነገር የታወቀ ነው፤ «ትንሽ አሟቸዋል፤ ድረሱ ተብላችኋል» ነው። ሞተዋል አይባልም። ዘመዱ ይህንኑ ሰምቶ ልብሱን ይለብሳል፤ ከኋላው ይቀመጣል፤ መንገዱን ሁሉ «በሽታው ምንድን ነው? ሐኪም አይቷቸዋል?» እያለ ይጠይቃል። ሞገስም «እኔ አላየኋቸውም» ይላል። ይህ እውነት ስለሆነ ይቀለዋል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ ነበር፤ የሚሞተው ሽማግሌና በሽተኛ ነበርና። ብሔራዊ ውትድርና ከመጣ በኋላ ግን ሥራው ተለወጠ። ልጆች ወደ ሰሜን ሄዱ። ስለሞቱት ለቤተሰብ የሚላክ ወረቀት ብዙ ጊዜ አልነበረም። ቆስሎ የተመለሰ ጓደኛ ወይም ሹፌር ወሬውን ያመጣል፤ ወሬው ለእድር ዳኛ ይነገራል፤ ዳኛው አፋቸውን ዘግተው ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠብቃሉ። ሁሉም ሲገኝ ጎህ ሳይቀድ ወደ ቤቱ ይኬዳል፤ መርዶ ይነገራል። ዘመዱን ከያለበት የሚሰበስበው፣ በእግሩ መሄድ የማይችለውንም አሳፍሮ እስከ በር የሚያደርሰው ሞገስ ነው። እንዲህ ሆኖ የዚያች ትንሽ ዶቅዶቄ ድምፅ በሰፈሩ ውስጥ ሌላ ትርጉም ያዘ። ልጆቻቸው ዘመቻ ላይ ያሉ እናቶች ድምፁ ወደ እነሱ አቅጣጫ ሲመጣ ሥራቸውን ትተው ይቆማሉ። ድምፁ ካለፈ በኋላ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ሞገስ ይህንን ያወቀው እትዬ እህተማርያም ቤት ቆጣሪ ሊያነብ በሄደ ቀን ነው። እህተማርያም መበለት ነበረች፤ ጉልላት የሚባል አንድ ልጇ ወታደር ነው። በሩን ሲያንኳኳ ከውስጥ የመጥረጊያ ድምፅ ቆመ። ደግሞ አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ሞገስ።»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ቆጣሪ ላይ ነኝ፣ እትዬ።»

«ቆጣሪ ብቻ?»

«ቆጣሪ ብቻ።»

«ማልልኝ!»

ማለላት። በሩ ተከፈተ። እህተማርያም ፊቷ አመድ መስሎ፣ መጥረጊያ እንደያዘች፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ትገድለኛለህ። ሲሆን ሲሆን ከሩቅ የሚታወቅ ነገር ብታደርግ ምን አለበት?» አለችው።

ያን ማታ ከአቶ ሽበሺ ጋር ተማከሩ። ለሥራው ሲዞር ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል፤ ሁለት ጊዜ ሲባል ቆጣሪ ነው፣ ማንም አይደንግጥ። ለመርዶ ከሆነ ግን ክላክስ የለም። ወሬው ሳይውል ሳያድር ለሁሉም ተዳረሰ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ክላክስ ሲሰማ ከየግቢው «ተመስገን!» የሚል የሴቶች ድምፅ ይወጣ ነበር፤ አንዳንዶቹም «ዛሬስ መብራት ቢቆርጥም ግድ የለኝም!» እያሉ ይስቁ ነበር።

ታቢታ ግን አልሳቀችም። «የሰው እንባ የምታመላልስ ነገር ግቢዬ ውስጥ ማደሯን አልወደድኩትም። ሽጣት» አለችው። ሞገስም ሊሸጣት አስቦ ነበር። የከለከለው ፍቅሬ ነው።

ፍቅሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረሰ በዓመቱ፣ በ1979 ዓ.ም.፣ ስሙ በቀበሌው ዝርዝር ወጣ። ሃያ ዓመቱ ነበር። የሚሄድበት ማለዳ እርጥበት ስለነበረ ዶቅዶቄዋ አልነሳ አለች። ፍቅሬ የልብስ ከረጢቱን መሬት አስቀምጦ ከኋላ ገፋት፤ ተነሳች። ከዚያ ከረጢቱን አንስቶ ከአባቱ ኋላ ተቀመጠ። መሰብሰቢያው ቦታ ሲደርሱ ወረደና ወንበሯን መታ መታ አደረገ።

«አባዬ፣ እንዳትሸጣት። ሠላሳ ወር እኮ ነው።»

«ማን ይገፋልኛል?»

«ጋሽ ጠሀ አለ አይደል? ሱቅ ተቀምጦ ከሚወፍር ይግፋ።»

ሳቁ። ከዚያ ዘማቾቹ ተጠሩ፤ ፍቅሬ ሄደ።

ከሰሜን ሦስት ደብዳቤ ላከ። በሦስተኛው ላይ «አገልግሎቴን ስጨርስ አውቶቡስ እስከ አዋሳ አልጠብቅም። ሻሸመኔ ድረስ መጥተህ ተቀበለኝ፤ ከዚያ እኔ ነድቼ አንተን ከኋላ አድርጌ እገባለሁ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅ» ብሎ ነበር። ሞገስ ይህንን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንዳነበበው አይታወቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየወሩ ኩፖን ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ፣ ጠሀ በሰጠው የዘይት ጀሪካን ውስጥ ቤንዚን ማጠራቀም ጀመረ። አልጋ ሥር አስቀመጠው። ሻሸመኔ ደርሶ መመለሻ፣ ከዚያም ለፍቅሬ ሐይቁን አንድ ጊዜ መዞሪያ ብሎ ነበር ያሰበው። ታቢታ ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ እያለች ብትነጫነጭም ጀሪካኑን ግን ከቦታው አታነቃንቀውም፤ ስትጠርግ እንኳ ዙሪያውን ነበር የምትጠርገው።

ሠላሳው ወር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ደብዳቤ ከቆመ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። «መንገዱ ነው» ይላል ሞገስ። «ወረቀት አጥቶ ነው» ትላለች ታቢታ። ሁለቱም አንዳቸው ለሌላው የሚሉት ይህንን ብቻ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሞገስ ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ካንዴላዋን በአሸዋ ወረቀት እያሸ ሳለ ጠሀ መጣ። «የኖርዌይ በቅሎ» አላለም። ቆመ።

«ሞገስ፣ ዛሬና ነገ ዶቅዶቄዋን ብታውሰኝ።»

«ውሰዳት። ወዴት ነው?»

«ይርጋለም።»

«በደህና?»

ጠሀ አጎንብሶ ሰንሰለቷን የሚያይ መሰለ። «አጎቴ ናቸው። ትንሽ አሟቸዋል፤ ድረስ ተብሎ ተላከብኝ።»

ሞገስ ካንዴላዋን ማሸቱን ተወ። ይህችን ቃል እሱ ራሱ በየሰው በር ቆሞ ስንት ጊዜ ብሏታል። የሚሰማት ሰው እንዴት እንደሚያምናት ያውቃል። «አጎትየው ሞተዋል» አለ በልቡ፤ «ይሄ ምስኪን ግን ምንም አያውቅም።» ቀና ብሎ ሲያየው የጠሀ ዓይን ቀልቷል። ሳይጠረጥር አልቀረም ብሎ አዘነለት።

«ብቻህን አትሂድ። እኔ ላድርስህ።»

«አይሆንም!» አለ ጠሀ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ። ቀጥሎ ዝቅ አደረገው። «ነገ ሥራ አለብህ እኮ። መንዳቱን አስተምረኸኝ የለ።»

«ቤንዚን ይዘሃል?»

«ከአንዱ ለምኜ አገኛለሁ።»

«ቆይ።»

ሞገስ ገብቶ አልጋው ሥር እጁን ሰደደ። ታቢታ ጓዳ ነበረች፤ ጀሪካኑን ሲያወጣ አየችው።

«የፍቅሬን?»

«ጠሀ ይርጋለም ሊሄድ ነው። አጎቱ ሞተውበታል፤ አልነገሩትም። ዝም በይ እንዳይሰማ። ይሄንንስ እንደገና እናጠራቅማለን።»

«አይ ጠሀ! እንዴት ያለ ሰው ነው እኮ» አለችና ከመደርደሪያው ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አወረደች። ስኳር ያን ጊዜ በቀበሌ ሱቅ ተራ ሲደርስ ብቻ የሚገኝ ነበር። «ይርጋለም ከሆነ ይህችን ለአስካለ ያድርስልኝ። ካልተቸገረ ነው።»

ጠሀ ጀሪካኑን ባየ ጊዜ ወደ ኋላ አለ።

«ይሄ እኮ የፍቅሬ ነው። አልወስድም።»

«ፍቅሬ ቢኖር ራሱ ነበር የሚቀዳልህ» አለው ሞገስ፤ እየቀዳ። ከዚያ ካንዴላዋን መልሶ አሰረ፤ ሰንሰለቷን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ልኳን አየ፤ የኋላ ጎማዋን በእግሩ መታ። «ብላቴ መገንጠያ ካለፍክ በኋላ ያለው አቀበት ላይ ማርሹን ቀድመህ ቀንስ። ሰው ከጫንክ ደግሞ በቀስታ። ስትመለስ ሰው ትጭን ይሆናል።» ስኳሩን ሰጠው። «ይህችን ለእህቴ። ሰላም በልልኝ፤ ጉልበቷን እንዴት እንዳደረጋት ጠይቅልኝ። በፋሲካ ከፍቅሬ ጋር እንመጣለን በላት።»

ጠሀ ስኳሩን ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ሊከት ሞከረ፤ አልገባለትም። እንባው በጉንጩ ወረደ። ሞገስ እንዳያሳፍረው ፊቱን አዙሮ እጁን በጨርቅ መጥረግ ያዘ። ዶቅዶቄዋ በመጀመሪያው ርግጫ ተነሳች።

ሞገስ ያን ማታ በጸሎቱ ውስጥ የጠሀን ስም ሁለት ጊዜ አነሳ። ለሙስሊም ሰው በሐዘን ጊዜ የሚባለውንም አስታወሰ፤ በጠሀ አባት ለቅሶ ላይ ሰምቶት ነበር። «አላህ ሶብሩን ይስጥህ።» እንዳይሳሳት በልቡ ደጋገመውና ተኛ።

ጎህ ሊቀድ ሲል ድምፅ ሰምቶ ነቃ። ዶቅዶቄ ናት። የሱው ናት። ሞገስ ይህችን ዶቅዶቄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲነዳት ከላይዋ ሆኖ ነበር የሚሰማት፤ ከቤት ውስጥ ተኝቶ ከሩቅ ስትመጣ ሰምቷት አያውቅም። ድምፅዋ ከሚያውቀው የተለየ ሆነበት። ቀጭን ነበር፤ እየቀረበ ሲመጣ ግን ወፈረ። ጭነት እንዳለባት አወቀ፤ ሞተሯ ሁለት ሰው ስትጭን የምታሰማው ድካም አለ።

ሰፈሩ መግቢያ ላይ ስትደርስ ክላክሱን ጠበቀ። አልሰማም።

«ጠሀ ነው» አለ ለራሱ። «አውቆታል ማለት ነው። ከነለቅሶው ወደ እኔ እየመጣ ነው።» ተነስቶ ጋቢውን ደረበ። ጫማውን በጨለማ ፈለገ። እያንዳንዱን ቃል አንድ ጊዜ ደግሞ አለው፤ አላህ ሶብሩን ይስጥህ። የግቢውን በር ከፈተ።

አቶ ሽበሺ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው የእድሩ ሰዎች፣ ስድስት ሰባት ይሆናሉ። ጠሀ ዶቅዶቄዋን እንደያዘ ነው፤ ሞተሯን ገና አሁን አጠፋት። ከኋላው ወንበር ላይ አንዲት ሴት ሰዎች ደግፈዋት እየወረደች ነበር። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። በእጇ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይዛለች።

ሞገስ እህቱን አየ። ከዚያ ጠሀን አየ። ለጠሀ ሊል የያዘው ቃል አፉ ውስጥ ነበር፤ እዚያው ቀረ።

«ሞገስ» አሉ አቶ ሽበሺ፣ «አንተ የምታውቀውን ነገር ነው ይዘን የመጣነው። ላንተ በሌላ መንገድ መናገሩን አላወቅንበትም።»

ታቢታ ከውስጥ «ጠሀ ነው እንዴ? አጎቱን ነገሩት?» ብላ ጠየቀች።

ፍቅሬ የሞተው ከአምስት ወር በፊት ነበር። ወሬውን ያመጣው አብሮት የነበረ የሻሸመኔ ልጅ ነው። አንድ እግሩን አጥቶ ሲመለስ ቤቱን አልፎ አዋሳ ድረስ መጣና ፍቅሬ ሁልጊዜ ስሙን ይጠራው ወደነበረው ወደ ጠሀ ሱቅ ሄደ። ሬሳ አልነበረም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ የተነሳው ፎቶግራፍ ነበር። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ምእመናኑ መዝሙር ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ጠሀ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ያይላቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል መጥቶ ከሞገስ አጠገብ ተቀመጠ።

«ዋሸሁህ» አለው።

«እኔ ስንቱን ዋሽቻለሁ» አለ ሞገስ።

«ቤንዚኑን መቀበል አልነበረብኝም።»

ሞገስ «አስካለን አመጣህልኝ አይደል?» አለው። ጠሀም ከእነሱ ምእመናን የሰማውን «ጌታ ያጽናናህ» አለው፤ በራሱ አነጋገር፣ ትንሽ እየተሳሳተ።

ዶቅዶቄዋ አጥር ተደግፋ ከረመች። ዝናብ ጣለባት፤ ሰንሰለቷ ዛገ። ሞገስ በእግሩ ይሠራ ጀመር። ታቢታ አሁን ሽጣት አትልም። አንድ ቅዳሜ ሞገስ ከደጅ ሲገባ በጨርቅ ስትወለውላት አገኛት፤ ልጇ ይይዘው የነበረውን የኋላውን ወንበር ብቻ ነበር የምትወለውለው። ሲያያት ጨርቁን ይዛ ገባች፤ እሱም ያየ አልመሰለም። ከሰዓት በኋላ ካንዴላዋን ፈታ። የቤንዚን መያዣዋን ከፍቶ ወደ ውስጥ ሲያይ ከጀሪካኑ የተቀዳው ገና አላለቀም ነበር።

አቶ ሽበሺ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልላኩትም። መርዶ ሲመጣ ዘመድ በአውቶቡስ እንዲጠራ አደረጉ፤ ቀን ይፈጅ፣ ሁለት ቀን ይፈጅ ብለው። ሞገስም አልጠየቀም። በስድስተኛው ወር ግን የእህተማርያም ልጅ የጉልላት ወሬ መጣ። ሞገስ ከጠሀ ሰማና ራሱ ወደ አቶ ሽበሺ ቤት ሄደ።

«እኔ ነኝ የምሄደው» አለ።

«አንተ አትሂድ፣ ልጄ። ይበቃሃል።»

«ወንድሟ ወንዶ ነው ያሉት፤ ሽማግሌ ናቸው። አውቶቡስ አይችሉም። እኔ አመጣቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። ሰፈር ውስጥ ሞተሯን አላስነሳም።»

አቶ ሽበሺ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ሊጠይቁትም አልፈለጉም።

ሽማግሌውን ማታ አመጣቸው፤ አቶ ሽበሺ ቤት አደሩ። ጎህ ሲቀድ እግራቸው ስለማይችል ዶቅዶቄዋ ላይ ተቀመጡ። ሞገስ ቁልፏን ሳይነካ መሪዋን ይዞ ይገፋት ጀመር። መንገዱ አሸዋ ስለነበረ ከበደው፤ ጥቂት እንደሄደ ትንፋሽ አጠረው። ያን ጊዜ ከኋላ ቀለል አለችለት። ዘወር ብሎ አየ። ጠሀ ነበር፤ ፍቅሬ ይይዘው በነበረው በኩል ወንበሯን ይዞ ጎንበስ ብሎ ይገፋል። ሽማግሌው ከላይ ሆነው «ቤንዚን አልቆ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አለ፣ አባባ» አለ ሞገስ።

የሰንሰለቷ ቀጨ ቀጨ ብቻ ነበር የሚሰማው። እድርተኞቹ ከኋላ በዝግታ ይከተላሉ። የእህተማርያም ግቢ ሲደርሱ በሩ ዝግ ነበር፤ በመስኮቷ መብራት አይታይም። ውሻዋ ሞገስን አውቆ ጭራውን ቆላ እንጂ አልጮኸም። ሞገስ ዶቅዶቄዋን ቀስ አድርጎ አቆማት፤ ሽማግሌውን ደግፎ አወረዳቸው። እህተማርያም አልሰማችም። በሩ ላይ ቆመው አቶ ሽበሺ ባርኔጣቸውን እስኪያወልቁ ድረስ፣ ውስጥ ተኝታ ነበር።